ባቡር ካለፈ በኋላ የሚቀረው



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እየጨረሰ በሄደ ቍጥር ነፋሱ እየሞቀ፣ ሜዳውም እየሰፋ ይሄድለታል። ሁለቱን ከተሞች የሚያራርቃቸው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የደሴ ሰው ጋቢውን ደርቦ በሚውልበት ቀን የኮምቦልቻ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከታች የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሜዳ ይታያል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዐይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ድልድዩም ተሠርቷል፤ ባቡሩ ግን በተጠበቀበት ጊዜ አልመጣም።

በዚህ ወር ልንመልሰው የወደድነው ጥያቄም የመጣልን ከዚያው ከኮምቦልቻ ነው። አንድ የቤተ ሰብ አባት በብዙ ዓመት ንግድ ያጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ አላቸው። የበኵር ልጃቸው፣ «ባቡሩ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከጣቢያው አቅራቢያ አሮጌ ቤት ገዝተን፣ የጎደለውን ተበድረን፣ የሚከራዩ ክፍሎችና ምግብ ቤት እንሥራ፤ ኋላ ቦታው በወርቅ አይገኝም» ይላል። እናቲቱ ደግሞ፣ «ይህ ገንዘብ የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ ሁለት ዓመት የቀራት የልጃችን ነው» ይላሉ። ነገሩ ከክርክር አልፎ ቅሬታ ሆኖ በአንድ ማዕድ ቀርቦ መነጋገር እንኳ አስቸጋሪ ሆኗል። አባትየውም፣ «ማንኛቸውን ልስማ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እኛም ፈጥነን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት፣ በአገራችን በባቡር ምክንያት ተወልደው በባቡር ምክንያት የደከሙትን ትንንሽ ከተሞች ታሪክ ለማስታወስ ፈቀድን። ያለፈው ዘመን ለሚመጣው መምህር ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን የባቡር መንገድ ይሠራ ዘንድ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጂቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 እስከ ዛሬዋ ድሬ ዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በዕዳ ስለ ወደቀ ሥራው ለጊዜው ተቋረጠ፤ በሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ እንደ ገና ከቀጠለ በኋላም በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበረ። ሐዲዱ ሐረር ለመግባት ተራራው ስለ ከለከለው በቆላው በኩል አለፈ፤ በዚህም ምክንያት ድሬ ዳዋ የምትባል ትልቅ ከተማ ተወለደች።

ነገር ግን ከትልቋ ይልቅ ዛሬ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ትንንሾቹን ነው። የዚያ ዘመን ባቡር በእንፋሎት የሚሠራ ነበረ፤ እንፋሎትም ውሃና የሚነድ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ባቡሩ ውሃ የሚቀዳበት፣ ማገዶ የሚጭንበት፣ ከፊት የሚመጣውንም ባቡር ጠብቆ የሚያሳልፍበት ጣቢያ በየተወሰነ ርቀት ሊኖረው ግድ ሆነ። ከአዋሽ ወደ ድሬ ዳዋ ሲሄዱ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረርና ሁርሶ፤ ከድሬ ዳዋም ወደ ጂቡቲ ሲወርዱ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ የሚባሉት ጣቢያዎች በሐዲዱ ዳር እንደ ዶቃ ተደረደሩ። ሐዲዱ ሲመጣ በአንዳንዶቹ ስፍራ የነበረው የአርብቶ አደር የግመል መጠጫና የግራር ጥላ ነበረ።

ጣቢያ በተተከለበት ስፍራ መጀመሪያ የሐዲድ ጠባቂው ቤት ይሠራል። ጠባቂው የሚበላውን የሚሸጥለት ሰው ይመጣል። መንገደኛ ሲበዛ ሻይ የምታፈላ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት ትመጣለች። የአካባቢው ሴቶች ወተት ይዘው ይወጣሉ፤ ተሸካሚው፣ የጎዳና ቸርቻሪው፣ ፀጕር አስተካካዩ ይከተላሉ። የግሪክ፣ የአርመን፣ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎችም በዚህ መስመር ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ። ከፈረንሳይኛ የመጣውም ቃል ከሕዝቡ አፍ ገባ፤ ሕዝቡም ባቡር ጣቢያውን ለገሃር፣ የዕቃ መጫኛውን ፉርጎ፣ የመመገቢያ ቤቱን ቡፌ አለው። ኋላም ክርስቲያኖች በተሰበሰቡበት ስፍራ ታቦት ይተከላል፤ እስላሞችም መስጊዳቸውን ይሠራሉ። ከመላው አገር የመጣ ሰው አንድ መንደር ሆኖ፣ ሠርጉንና ለቅሶውን አንድ አድርጎ ይኖራል። የባቡር ከተማ ትዳር እንዲህ ያለ ነበረ።

ከነዚህ ሁሉ አዋሽን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬ ዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ባቡር በገባ ቍጥር መኳንንቱም፣ የውጭ አገር መልእክተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተራው መንገደኛም የግድ በዚያች በረሓ ወርዶ ራቱን ይበላል፤ አልጋም ይከራያል። ከጣቢያው አጠገብ የተሠራው የአዋሽ ቡፌ ስሙ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዪቱ የኖረችው ባቡሩ በመምጣቱ ብቻ ሳይሆን በማደሩ ጭምር ነበረ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንገነዘባለን። የትንሽ ከተማ እንጀራ ከሚያልፈው ባቡር አይገኝም፤ ከሚቆመው ባቡር ነው እንጂ። ባቡሩ ለምን እንደሚቆም የሚወስነው ግን ከተማው አይደለም፤ የባቡሩ ጕዳይ ነው። ውሃ ስለ ጠማው ከቆመ፣ ውሃ የማይጠማው ባቡር በመጣ ቀን መቆሙ ይቀራል። ሌሊት ስለ መሸበት ካደረ፣ በሌሊት መሄድ የቻለ ቀን ማደሩ ይቀራል። ከተማዪቱ ምንም ሳታጠፋ፣ ሰዎችዋም ሳይሰንፉ፣ ከሩቅ ስፍራ በተለወጠ አንድ ነገር እንጀራዋ ይቀነሳል።

የሆነውም ይኸው ነው። ጕዞው እየፈጠነ ሲሄድ ማደር ቀረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በእንፋሎት ፈንታ በናፍጣ የሚሠራው ባቡር ሲመጣ የውሃ ጣቢያዎች ጥቅም አነሰ። የመኪና መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ይልቁንም ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ የጭነቱን ንግድ ሲካፈል፣ የባቡሩ ገቢ ጎደለ። በ1969 እና በ1970 በሱማሌ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ደግሞ ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ከዚያ በኋላ ሐዲዱም ፉርጎውም እያረጀ ሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል የነበረው ጕዞ ቆመ። ለብዙ ዓመታት ቀንና ሰዓት ሲነግር የኖረው የባቡር ፉጨት ከነዚያ መንደሮች ጠፋ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ይህ ለአገር ትልቅ ጥቅም መሆኑን አንክድም። ሆኖም ሐዲዱ ሌላ ነው፤ አዲሶቹ ጣቢያዎችም በብዛት ከቀድሞዎቹ ከተሞች ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ይህ ባቡር ውሃ አይጠማውም፤ ማገዶም አይጭንም። በቀድሞው ጣቢያ ደጃፍ ሻይ ታፈላ ለነበረችው ሴት የአዲሱ ባቡር መፍጠን ምን ይጠቅማታል?

ትንሽ ከተማ በአንድ ቀን አትጠፋም፤ የምትጠፋው ቀስ በቀስ፣ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረች ነው። መጀመሪያ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። ቀጥሎ ጕልማሳው «ሥራ ልፈልግ» ብሎ ይወጣል። እኅቱ ትከተለዋለች። ቤቱን የሚገዛ ስለማይገኝ ሽማግሌው አባትና አሮጊቷ እናት ይቀራሉ። በቤተ ክርስቲያኑም ምእመናኑ ሲያንሱ ዕጣኑና ጧፉ ይጎድላል፤ የሚቀድሱት ካህናትም ከሌላ ስፍራ እንዲመጡ ይለመናሉ። ሰንበቴው ይዳከማል፤ የመቃብሩ ስፍራ ግን ከሕያዋኑ መንደር እየበለጠ ይሄዳል። በዓለም ያሉ መንግሥታት የሚመዘግቡት የባቡሩን ትርፍና ኪሳራ ነው፤ ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ መዝገብ ግን የለም።

ነገር ግን ሁሉም አልጠፉም፤ የቀሩበትም ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው። ድሬ ዳዋ ብዙ ብትጎዳም ቆማለች፤ ባቡሩ በነበረበት ጊዜ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሕዝብ አፍርታ ነበርና። አዋሽም አልጠፋችም፤ ወደ ጂቡቲና ወደ ሐረርጌ የሚወስዱት የመኪና መንገዶች የሚለያዩባት ሆናለችና። ባቡሩን ብቻ ተደግፈው የኖሩት ግን ባቡሩ ሲሄድ አብረው ዘመሙ።

እናንተ የወሎ ሰዎች ይህን ለመረዳት እስከ አፍደም መሄድ አያስፈልጋችሁም። ኮምቦልቻ ራሷ ያደገችው በመንገድ ነው። በጣሊያን ዘመን በተሠራው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚሄደውና በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መኪና ከዚህች ከተማ ይገናኝ ነበር። ሾፌሩ በዚህ ያድራል፤ ረዳቱ ጎማውን በዚህ ያስጠግናል፤ ነጋዴው በዚህ ይጭናል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ። ከሚሌ ወዲያ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ይጠጡባቸው የነበሩት መንደሮች እንግዳቸው በአንድ ወር ቀረባቸው። ሐዲድ ባይኖራቸውም የደረሰባቸው ዕጣ የአፍደምና የአይሻ ዕጣ ነው።

ባቲስ? ባቲ በዚያው በአሰብ መንገድ ላይ ሳለች አልሞተችም። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ ከመኪናው መንገድ አስቀድሞ ነበረ፤ መንገዱም ከቀዘቀዘ በኋላ ቀጥሏል። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ የሌላውን ይፈልጋልና ይገናኛሉ። ባቲ የቆመችው በሩቅ ሰው መርከብና መኪና ብቻ ሳይሆን፣ በአጠገቧ በሚኖሩ በሁለት ወገኖች መፈላለግ ነው። ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት እልፍ ብለን ወደ ሐይቅ እንመልከት። በ13ኛው ምእት ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባቡርም መኪናም ሳይመጣ የነበረ ነው። የመጣ መንገድ ሁሉ አገኘው፤ የሄደ መንገድም ይዞት አልሄደም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው መንገድ ስለሚያልፍበት ሳይሆን፣ ትምህርትና ጸሎት ስለሚገኝበት ነበርና።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ሐዲድ እንመለስ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል በወልድያ አጠገብ እስከምትገኘው ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር በ2004 ለቱርክ ሥራ ተቋራጭ ተሰጠ፤ ግንባታውም በ2007 ተጀመረ። ተራራ ተበሳ፤ ድልድይ ተሠራ፤ ብዙ ወጣቶችም ሥራ አገኙበት። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሊጠናቀቅ ሲቃረብ የአገራችን ጦርነት መጣ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን መከራ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የባቡሩም ንብረት ከጥፋትና ከዝርፊያ አላመለጠም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ሐዲዱ መደበኛ ባቡር ሳይሄድበት ቆየ።

እኛ ባቡሩ አይመጣም አንልም። ይልቁንም ይመጣ ዘንድ እንመኛለን፤ እንጸልያለንም። የወሎ ገበሬ እህሉን፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካም ሸቀጡን በርካሽ ቢያጓጕዝ፣ ለግሸን ማርያም በዓል የሚመጣው ምእመንም ድካሙ ቢቀልለት መልካም ነው። ነገር ግን ባቡር በአገር ላይ የሚያመጣው በረከትና በአንድ ቤት ላይ የሚያመጣው በረከት አንድ አለመሆኑን ከአፍደም፣ ከኤረርና ከአይሻ ተምረናል። መንግሥት ሐዲዱ ሃያ ዓመት ቢዘገይበት ይታገሣል፤ ዕዳ ያለበት ቤተ ሰብ ግን ወለዱን ከፍሎ ሃያ ወር መታገሥ ይከብደዋል።

እንግዲህ የጠየቁንን አባት እንዲህ እንላቸዋለን።

ክቡር ወንድማችን ሆይ፤ በመጀመሪያ የባለቤትዎን ቃል ይስሙ። የልጅቱ ትምህርት ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል፤ የባቡሩ ዘመን ግን ስንት እንደ ቀረው የሚነግርዎ የለም። ነርስ በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በባቲም ትፈለጋለች፤ ባቡር ቢመጣ ትፈለጋለች፤ ባቡር ቢቀርም ሰው መታመሙ አይቀርምና ትፈለጋለች። ከተማ ቢደክም እንኳ ዕውቀቷን ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ የድንጋይ ቤትን ግን ተሸክሞ የሄደ የለም።

ሁለተኛ፣ የበኵር ልጅዎን አሳብ እንደ ሞኝነት ቈጥረው አይናቁት። ሥራ መፈለጉ፣ ነገን ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ባቡሩ ጨርሶ ባይመጣ ይህን ክፍል ማን ይከራየዋል?» ለጥያቄው በቂ መልስ ካለው፣ ለምሳሌ በከተማው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ወጣቶች የሚከራዩት ወይም የመኪናው መንገደኛ የሚያድርበት ከሆነ፣ እኅቱ ከጨረሰች በኋላ በአቅማችሁ ከአንድ ክፍል ይጀመር። መልሱ «ባቡሩ ይመጣል» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ያ ቤት ገና ከመሠረቱ የሌላ ሰው ነው። ሰው አሁን በሚቆምበት ስፍራ መሥራት ይሻላል፤ ወደ ፊት ይቆማል በተባለበት ስፍራ በብድር ከመሥራት። ባቡሩ በመጣ ቀን ዕዳ የሌለበት ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይሠራል፤ ባለ ዕዳው ያን ጊዜ ሸጦ ሄዷልና።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት ማዕዱን አንድ ያድርጉት። ገንዘቡ ለማንም ቢውል፣ ወንድምና እኅት ተቀያይመው ከቀሩ የቤቱ ሐዲድ ተነቅሏል። የንስሓ አባታችሁን ጠርታችሁ፣ በአንድነት ጸልያችሁ፣ ውሳኔውን ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው። ልጅቱም የወንድሟ ድርሻ እንደ ተላለፈላት ትወቅ፤ ሥራ በያዘች ጊዜ እንድትደግፈው ዛሬ በእናት በአባቷ ፊት ቃል ትግባ። ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነርስና አንድ ያልተበደረ ነጋዴ ይኖረዋል።

ሌሎቻችሁም አንባብያን ከዚህ የምትወስዱት አለ። ዮሴፍ በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ ጥጋቡን ስለ ጠላ አልነበረም፤ ጥጋብ መንገደኛ መሆኑን እግዚአብሔር ስለ ገለጠለት ነው እንጂ። በመንገድ፣ በፋብሪካ ወይም ውጭ አገር ባለ ልጅ በሚመጣ ገንዘብ የምትኖሩ ሁሉ፣ እርሱ በደጃችሁ በቆመበት ጊዜ የማይሄድ ነገር አኑሩበት። ልጅን ማስተማር፣ የእጅ ሥራ መልመድ፣ ጕድጓድ መቈፈር፣ ከጎረቤት ጋራ በፍቅር መኖር፣ የአጥቢያን ቤተ ክርስቲያንና እድርን ማጠንከር፣ እነዚህ ባቡሩ ሲሄድ አብረው የማይሳፈሩ ናቸው።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። በመኪናም ይሁን በአዲሱ ባቡር በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር የምታልፉ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ ወደ ቍልቢ ገብርኤል የምትሳለሙም ሁሉ፣ በመንገዳችሁ ላይ የደከመ መንደርና በጥቂት ሽማግሌዎች የሚጠበቅ ቤተ ክርስቲያን ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ወርዳችሁ ተሳለሙ፤ ጧፍ ወይም ዕጣን ስጡ፤ ከሽማግሌዎቹም ጋራ ጥቂት ተጫወቱ። ያ መንደር የኖረው በሚቆም መንገደኛ ነበረ፤ ዛሬም የሚቆምለት ይሻል።

በፈረሰው መንደር የሚያዝኑትን እግዚአብሔር ያጽናናልን፤ በኮምቦልቻና በደሴ፣ በመላው አገራችንም ተስፋ አድርገው የሚጠባበቁትን ወጣቶች ተስፋቸውን ይፈጽምላቸው፤ ለየቤታችሁም ሰላምንና ማስተዋልን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።